የመጀመሪያውን መቃብር ማን ቆፈረው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የምትኖር የ25 ዓመት መምህርት ናት። የጴንጤቆስጤ አጥቢያዋ ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ እንድትጽፍ አደራ ብለዋታል። ሰነድ የለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበትን ዓመት አንደኛው ሽማግሌ 1971፣ ሁለተኛው 1979፣ ሦስተኛው 1984 ይላሉ። ጎረቤት ያሉ አንድ ሙስሊም አዛውንት ደግሞ «የእናንተን የመጀመሪያ ሟች የቀበርነው እኛ ነን» ይሏታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን «እሱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይደለም፣ ተዪው» ብለዋታል። «ከየት ልጀምር? ማንንስ ልመን?» ትላለች።

እኅቴ፣ ሽማግሌዎችሽ «ተዪው» ያሉሽ ነገር የታሪኩ ዋና በር ነው። እባክሽ እንዳትተዪው።

ደሴ ተቀምጬ የአፍ ታሪክ መሰብሰብ ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የእናንተ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ በአባቴ ወገን ሙስሊም፣ በእናቴ ወገን ኦርቶዶክስ ከሆነ ቤት የወጣሁ ነኝ፤ በወሎ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። የገጠር የጴንጤቆስጤ አጥቢያዎችን ታሪክ ስፈልግ የኖርሁት ግን ከሥራ ግዴታ ብቻ አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሳይጻፍ ከቀረ የወሎ ታሪክ ጎደሎ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

ስለ ሦስቱ ዓመታት ላስቀድም። 1971 እና 1979 የሚሉት ሁለቱ አባቶች ጭራሽ ያልተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛ 1971 አብዛኛው ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 1979 ላይ ይውላል። 1979 የሚሉት አባት ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት ጠይቂያቸው። ከራሳቸው ትዝታ ነው ወይስ ከአንድ ወረቀት ላይ አንብበውት? ከምስክር ወረቀት፣ ከሚሲዮን ደብዳቤ ወይም ከፎቶግራፍ ጀርባ ከሆነ ዘመኑ የፈረንጆቹ ሊሆን ይችላል። ይህን መደናገር ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ጥምቀት በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንደተፈጸመ ተደርጎ ታትሞ አይቻለሁ።

1984 ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ደርግ የወደቀው በግንቦት 1983 ነው። በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ የነበሩ ብዙ ማኅበረ ምእመናን ወደ አደባባይ የወጡት፣ ቦታ የጠየቁት፣ ጭቃ መርገው ቆርቆሮ ያለበሱት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እንግዲህ 1984 የሚሉት አባት ሕንጻው የቆመበትን ዓመት እየነገሩሽ ይሆናል፤ 1971 የሚሉት ደግሞ ሰዎቹ መጀመሪያ አብረው የተንበረከኩበትን። አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትሰርዢ። ሁለቱንም ጻፊ፣ እያንዳንዳቸው ምንን እንደሚያመለክቱም አብረሽ ጻፊ።

ለማጣራት የሚረዳሽ መንገድ አለ፤ ቁልፉም ያለው በሙስሊም ጎረቤቶችሽ እጅ ነው። የሂጅራ ዘመን ከእኛ ዘመን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየወቅቱ ይዞራል። በ1971 ረመዳን የገባው ክረምት ላይ፣ በሐምሌ አጋማሽ አካባቢ ነው። በ1979 በሚያዝያ፣ በ1984 ደግሞ በየካቲት ማብቂያ ላይ ነበር። የጾም ወር የዘነበበትን ዓመትና ፀሐይ የጠናበትን ዓመት የጾመ ሰው አይረሳውም። አንድ አዛውንት «ያ ሰው የሞተ ጊዜ በዝናብ ነበር የምናፈጥረው» ካሉሽ ከማንም ማኅተም የሚበልጥ ማስረጃ ሰጥተውሻል። በክርስቲያኑም በኩል እንዲሁ ነው፤ «ቀኑ የሚካኤል ማግስት ነበር» የሚል ሰው ቀኑን ይሰጥሻል፣ ዓመቱን ደግሞ ከታላላቆቹ ድርጊቶች ጋር አያይዘሽ ታወጪዋለሽ፤ መሬት ላራሹ የታወጀበት የካቲት 1967፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት 1971፣ የ1977 ረኃብ።

«ሰነድ የለንም» ማለትሽ ሳያሳዝንሽ አልቀረም። እኔ ግን የሰነድ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነው እልሻለሁ። የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በኢትዮጵያ ከመነሻው ፈቃድ የተነፈገው ነው። የፊንላንድ ሚሲዮናውያን በ1940ዎቹ፣ የስዊድኖቹ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐዋሳ ሥራ ቢጀምሩም፣ እሳቱን ያቀጣጠሉት በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ፣ በናዝሬት፣ በሐዋሳ የነበሩ የአገሪቱ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች በ1959 የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ፣ እውቅና ጠየቁ፣ ተከለከሉ። በነሐሴ 1964 በአዲስ አበባ ለጸሎት ከተሰበሰቡበት 250 ያህል ሰዎች ታፍሰው ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ተስፋ ነበረ፤ ቆይቶ በትሩ ከበፊቱ ጠነከረ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው የተገደሉት በሐምሌ 1971 ነው፤ ያ አንደኛው ሽማግሌ የሚነግሩሽ ዓመት መሆኑን ልብ በይ። በጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚህ ወቅት በአንድ የገጠር ጎጆ የሚሰበሰቡ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች የአባላት መዝገብ ቢይዙ ኖሮ ያ መዝገብ የእስረኞች ዝርዝር ይሆን ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዳች ነገር ያልጻፉት ስለ ታሪክ ግድ አጥተው አይደለም። አንዱ ሌላውን ከአደጋ እየጠበቀ ነው። ይህን በመግቢያሽ ላይ በግልጽ አስፍሪው።

እምነቱን ወደ ቀበሌያችሁ «ማን አመጣው?» የሚለውን ስትጠይቂ የሚሲዮናዊ ስም እንዳትጠብቂ። እርግጥ ነው ወሎ ሚሲዮንን ቀድሞ ያውቃል። በደሴ የአድቬንቲስቶች ሆስፒታል ነበረ፤ ጣሊያን ከተማዋን በቦምብ በደበደበበት በኅዳር 1928 ተመትቷል። በቦሩ ሜዳ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። የአሜሪካ ሉተራኖችም በ1950ዎቹ በወሎ ሠርተዋል። ሆኖም አንዳቸውም ጴንጤቆስጤዎች አልነበሩም፤ በዚያ ላይ በ1936 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» በተባሉ ስፍራዎች ሕክምናና ትምህርት ፈቅዶ ስብከትን ይከለክል ነበር። ስለዚህ በሽማግሌዎችሽ ቤተሰብ ውስጥ በእነዚህ ስፍራዎች የታከመ ወይም ፊደል የቆጠረ ሰው እንዳለ ጠይቂ። ለእምነቱ መነሻ ባይሆን እንኳ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ቤት የገባው በዚያ በኩል ሊሆን ይችላል።

እኔ በየመንደሩ ያገኘሁት መልስ ግን በአብዛኛው አስተማሪ፣ ድሬሰር፣ ወታደር ወይም ዘማች ነው። በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከወረዱት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን መካከል የጴንጤቆስጤ ወጣቶችም ነበሩበት። ኮምቦልቻን ደግሞ አስቢያት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ ደሴም ወደ ባቲና አሰብም የሚከፈልባት፣ ሾፌር የሚያድርባት፣ ኋላም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ከየአገሩ የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ከገጠር ወርዶ ጉልበቱን ሸጦ በሳምንቱ የሚመለስ ልጅ ከደመወዙ ጋር መዝሙርም ይዞ ይመለስ ነበር። ሌላው የማይታለፈው የሰፈራ ጉዳይ ነው። በ1977 እና 1978 ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከተወሰዱት 600 ሺህ ያህል ሰዎች አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ናቸው። ከወለጋ ወይም ከኢሉባቦር የተመለሰ ቤተሰብ ካለ እዚያ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ጠይቂ።

ወደ ዋናው ልምጣ።

በወሎ እድርን ቅሬ እንለዋለን። በብዙ መንደር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። ቅሬ መቅበሪያ ብቻ አይደለም፤ ዳኛም ነው፣ ይቀጣል፣ ያስታርቃል፣ ከእሳትና ከውኃ ይለያል። አንድ ሰው «ጴንጤ ሆነ» ሲባል የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ጊዜ ዱላ አልነበረም፤ ከቅሬ መሰረዝ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነም መረዳት አለብሽ። ይህ አገር በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም መኳንንት ተጠመቁ ያሉበት፣ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉበት፣ ሼህ ጦልሃ ደግሞ እምቢ ብለው የሸፈቱበት አገር ነው። ለወሎ ገበሬ «ሃይማኖትህን ተው» የሚል ቃል የነጋሪት ድምፅ አለው። ከዚያ በኋላ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ዱዓ ተቀምጦ ያንን ቁስል በብዙ ትዕግሥት አድርቆታል። በመካከሉ ሦስተኛ ሃይማኖት ሲገባ፣ ሰዎች የደረቀው ቁስል ሊጫር ነው ብለው ፈሩ። ይህን ካልጻፍሽ ጎረቤቶቻችሁ በታሪካችሁ ውስጥ ያለ ምክንያት የተቆጡ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። እውነቱ እንደዚያ አልነበረም።

እንግዲህ ከቅሬ የተሰረዘው ሰው አንድ ቀን ይሞታል። ኦርቶዶክስ የነበረ ከሆነ ፍትሐት የለውም፣ በደብሩ ቅጥር መቃብር የለውም። ሙስሊም የነበረ ከሆነ በቀብር ሥፍራው ቦታ የለውም። ስድስት ወይም ሰባት ሆነው የሚጸልዩ ሰዎች እስከዚያች ቀን ድረስ ራሳቸውን «የምንጸልይ ወዳጆች» ብለው ሊጠሩ ይችላሉ። ሬሳ መካከላቸው ሲጋደም ግን ማኅበር መሆን አለባቸው። ማን ይቆፍራል? ማን ይሸከማል? መሬቱስ የማን ነው? በእኔ ግምት የገጠር የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን የምትወለደው ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ጸሎት ፅንስ ነው፤ ቆርቆሮውና ማኅተሙ የኋላ ናቸው።

ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለ አንድ መንደር ያገኘሁትን ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ሟች አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው የሚቀብርበት ቢያጣ ከራሱ ማሳ ዳር፣ ወይራ ሥር ቀበራቸው። በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ሕፃን እዚያው ተቀበረ። ሰዎቹ ለመቃብሩ ሲሉ አጥር አጠሩ፣ በአጥሩ ውስጥ ለለቅሶ መቀመጫ ዳስ ጣሉ፣ ዳሱ ውሎ አድሮ ጸሎት ቤት ሆነ። ዛሬ የአጥቢያው ሕንጻ ያለው እዚያ ነው። የታተመው ታሪካቸው «ቦታው በጸሎት ተመረጠ» ይላል። ይህን ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን እናቱን በትከሻው ተሸክሞ ከማሳው ዳር ያሳረፈው ልጅ በጽሑፉ ውስጥ የለም፤ መጽሔቱን ሲሰጡኝ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ወደ ሙስሊሙ አዛውንት ስትሄጂ «ቀበራችሁ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ዝርዝሩን ጠይቂ። ጉድጓዱን ማን ለካው? ስንት ሰው ቆፈረ? በክርስቲያን ወግ ነው ወይስ እንደ ሙስሊም ቀብር ለሕድ፣ ማለትም በጉድጓዱ ጎን የሚቆፈር ማረፊያ፣ ተበጅቶለት? ፊቱ ወዴት ዞረ፣ ወደ ምሥራቅ ወይስ ወደ ቂብላ? በምን ተገነዘ? ማን ጸለየ፣ አዛውንቱና ባልንጀሮቻቸውስ ሲጸለይ ቆመው ነበር ወይስ ፈቀቅ ብለው? ቅሬው ቀጣቸው? ሴቶቹ አለቀሱ? ንፍሮ ማን ቀቀለ? ሰልስቱ ተቀመጠ ወይ? ተዝካርስ? የእናንተ ሰዎች ተዝካር አያወጡም፤ ለቤተ ዘመድ ግን ይህ የሞተን ሰው እንደ መጣል ይቆጠር ነበር። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ከመጠመቁ ይልቅ የተዝካሩ መቅረት ነው ወንድማማቾችን ለዓመታት ያኮራረፈው።

በ1999 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ሰው ከመቶ 0.2 ነበር፤ በደሴ እንኳ ከመቶ 1 ብዙም አልበለጠም። ከሺህ ሁለት ሰው ሆኖ በገጠር መኖር ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ፣ የሚያስፈጨው ከጎረቤት ተበድሮ፣ ልጁን የሚድረው ለጎረቤት ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ማኅበር አርባ ዓመት ከቆየች፣ እንድትቆይ የፈቀዱ ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ነው። ሽማግሌዎችሽ ይህ «የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይደለም» የሚሉት፣ ታሪኩ በአማኞች ብቻ የተሠራ እንዲሆን ስለሚሹ ይመስለኛል። ፍላጎታቸው ይገባኛል፤ ስደት ያየ ሰው ነው። በዚህ ነገር ግን አልስማማም።

የወንዶቹን ቃል ሰምተሽ ስታበቂ ወደ ሴቶቹ ሂጂ። ወንዶቹ ወንጌላዊው መቼ መጣ፣ ማን ታሰረ የሚለውን ይነግሩሻል። ሴቶቹ ስብሰባው በማን ቤት እንደነበረ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ቡና ተፈልቶ ረከቦቱ በር አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ያውቃሉ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቅ ቢል የቡና ጠጪ ጎረቤት ብቻ እንዲያይ። ዝማሬው በሹክሹክታ ነበር። የአንዲት እናት ቃል ከጆሮዬ አይጠፋም፤ «ጮኬ የዘመርሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ድምፄን ያን ቀን ነው ያወቅሁት» ነበር ያሉኝ። የመዝሙር ደብተር ያላት ሴት ካገኘሽ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንሺ። በመንደራችሁ የተደረሱ መዝሙሮች ካሉ ዜማቸውን ቅጂ፤ አምባሰልና ባቲ በተወለዱበት አገር የገጠር ሰው በምን ቅኝት እንደሚዘምር ማንም በቅጡ የመዘገበው የለም፣ እኔም ቸል በማለቴ እጸጸታለሁ።

ስለ ፈውስ፣ ስለ ልሳንና ስለ ትንቢት ስትጽፊ፣ የነገረሽን ሰው ቃል በራሱ አነጋገር አስቀምጪ፤ ማን፣ የት፣ በማን ፊት እንደሆነ ጨምሪ። «ተሞላሁ» ካለ «ተሞላሁ» ብለሽ ጻፊ። ለማያምን አንባቢ ብለሽ አታለዝቢው፣ ለሚያምነውም ብለሽ አታግዝፊው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ብዙ ምስክርነት «ጨሌዋን አቃጠልን» በሚል ያበቃል፤ ጨሌ ለውቃቢ ተብሎ የሚያዝ ዶቃ ነው። ያ ጨሌ የአንዲት እናት ነበር፣ የእናቷም እናት ነበር፤ ልጆቿ ዛሬም በመንደሩ አሉ። ድርጊቱን ጻፊ፣ ሴትየዋን የሚያዋርድ ቃል ግን አታስገቢበት።

ስለ ደበደቡትና ስለ ጠቆሙት ሰዎችም እንዲሁ። ስማቸውን መዝግቢ፣ ግን በሚታተመው ውስጥ አታውጪ። የልጅ ልጃቸው ምናልባት ከአንቺ ተማሪዎች አንዱ ነው። ስሞቹ ያሉበትን ቅጂ አሽገሽ ለሽማግሌዎች ስጪ፣ መቼ እንደሚከፈት ራሳቸው ይወስኑ። ቃሉን የሰጠሽን ሰው ሁሉ ደግሞ ከመታተሙ በፊት የራሱን ክፍል አንብቢለት፤ «ይህቺን አውጪልኝ» ካለ አውጪለት።

ሰነድ በሚባለው ላይ ብዙ አልልም፤ ከምታስቢው በላይ አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ የልጆች ልደት ይጻፋል። የፎቶግራፍ ጀርባ የደሴ ፎቶ ቤት ማኅተም ይኖረዋል። የገበሬ ማኅበር የመጥሪያ ደብዳቤ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የዋስትና ወረቀት፣ ድምፁ የደከመ ካሴት፣ ሁሉም ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያናችሁ ስሟን ቀይራ ታውቅ እንደሆነም አጣሪ፤ ሰው ሁሉንም «ጴንጤ» ስለሚል፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በቃለ ሕይወት የስብከት ጣቢያነት ጀምራ ኋላ ወደ ጴንጤቆስጤ የዞረች ልትሆን ትችላለች፤ የዚያን ጊዜ ወረቀቱ ያለው በሌላው ቤተ እምነት መዝገብ ቤት ነው። ያገኘሽውን ወዲያው ፎቶ አንሺና በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጪ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን አንቺም አይተሻል፤ ከዘረፋው በኋላ ወረቀት በየመንገዱ ሲበተን የለቀምሁት እኔ ነኝ፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የቀረውም ብዙ ነው።

ለአዛውንቱ ቡናና ስኳር ያዢላቸው። ከመግሪብ በፊት ሂጂ፣ የጸሎት ሰዓታቸውን እንዳታቋርጪ። ከተቻለ ከሽማግሌዎችሽ አንዱን ይዘሽ ሂጂ፣ በተለይ 1971 የሚሉትን፤ ሁለቱ አብረው ሲያወጉ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣዋል። መቅረጫሽን አስፈቅደሽ ክፈቺ። ከቻሉም መቃብሩ ድረስ እንዲያደርሱሽ ለምኚያቸው፣ እግራቸው ካልቻለ በበቅሎ። ሰው ቆፍሮ ያወጣውን አፈር ሲያይ የሚናገረው ቤቱ ተቀምጦ ከሚናገረው የተለየ ነው። ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ሟቹ ወዴት ዞሮ እንደተቀበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።